የአርፋጆች ድንጋይ

ባለፈው ሰሞን አንድ የገበያ ዕለት ጠዋት፣ ዘንቢሌን አንጠልጥዬ በትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ሳልፍ አንድ የማውቀው ሽታ ከቦታዬ አስቆመኝ። የባትሪ ድንጋይ ከሰል ተወቅጦ በቅጠል ጭማቂ ሲለወስ የሚሸተው ሽታ ነው። ድሮ ጥቁር ሰሌዳ ሲነጣ የምናጠቁረው በዚያ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ልጆቹ እጃቸው እስከ ክርናቸው እየጠቆረ፣ እርስ በርሳቸው ጉንጭ እየተቀባቡ ሰሌዳውን ይለቀልቁልኝ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት በዚያ ላይ የመጀመሪያውን ፊደል ስጽፍ የሚሰማኝን ደስታ ዛሬ ለማንም ማስረዳት አልችልም። አሁን ሁሉም ክፍል ነጭ ሰሌዳ የገባለት መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንዱ ቀርቶ ኖሯል። ዐይኔን ጨፍኜ፣ መንገደኛው እየገፈተረኝ፣ እንደ ሞኝ ቆሜ አሸተትሁ።

ዐይኔን ስገልጥ በሩን አየሁት። ተቆልፏል። በሩ ላይ ቀለሙ ያልደረቀ የሚመስል አዲስ ባነር ተሰቅሏል፤ «ምቹና ደጋፊ የመማሪያ ክፍል ለሁሉም ተማሪ» ይላል። ግቢው ውስጥ ለመምህራን ሥልጠና እየተሰጠ እንደሆነ ኋላ ሰማሁ። ከባነሩ ሥር ደግሞ፣ ከበሩ ውጭ፣ ቦርሳቸውን ያዘሉ ልጆች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። አርፋጆች ናቸው። ዘበኛው ሰይድ በበሩ ሽንቁር አፉን አውጥቶ፣ «ወላጅ ይዛችሁ ኑ ተብላችኋል እኮ! ምን ይገትራችኋል?» ይላቸዋል። ከመሀላቸው አንዲት ልጅ፣ የሹራቧ እጅጌ ጣቷን የዋጠው፣ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች።

«ምን ሆንሽ ልጄ?» አልኋት።

«እናቴ ያለችው ከላላ ወረዳ ነው፤ እኔ ከአክስቴ ጋ ነኝ። አክስቴ ደግሞ ጉልት ላይ ናት፣ ሽያጯን ትታ አትመጣም። ወላጅ ካላመጣሽ ስምሽ ይሰረዛል አሉኝ።»

ስሟ ሐያት ነው። ለምን እንዳረፈደች አልጠየቅኋትም፤ ያንን ጥያቄ ከተውሁት ብዙ ዘመን ሆኖኛል። ሰው ሁሉ ያውቀኛል፤ ጉልበቴ ስለሚያመኝ በየሱቁ ደጃፍ እያረፍሁ ነው የምሄደው። ቁጣ ሲመጣብኝ ግን ጉልበት የሚባል ነገር መኖሩንም እረሳለሁ። ከበሩ አጠገብ ሰፋ ያለ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ዘንቢሌን አስቀምጬ ቁጭ አልሁበት። እኔና ድንጋዩ እንተዋወቃለን።

ወደ መካነ ሰላም የመጣሁት ገና ልጅ እግር ሳለሁ ነው። ዘመኑ የማን እንደነበረ፣ ማን ወርዶ ማን እንደወጣ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ይጻፉት። እኔ የማስታውሰው ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ደብተር በስሙኒ እንደነበረ ነው። የማስታውሰው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ፀሐይ ሲመታው እግር የሚቀቅል፣ ዝናብ ሲሆን የሚያንሸራትት፣ ሆኖም የሌለው ልጅ በዐይኑ የሚከተለው። የማስታውሰው መኪና መቆሚያው ማዕዘን ላይ የነበረችውን ሻይ ቤት ነው። ሬዲዮኗ መስኮት ላይ ተቀምጣ ትዘፍናለች፤ የቢሮ ሠራተኞች ተትረን ሱሪያቸውን ላለማጨማደድ ጉልበታቸውን ሳብ እያደረጉ ይቀመጣሉ፤ አዲስ ዘፈን ከወጣ ሳምንት ሳይሞላው ምንጭ የሚወርዱት ልጃገረዶች ሁሉ ይዘፍኑታል። ዛሬ እዚያ ማዕዘን ላይ የሞባይል መሸጫ ተከፍቷል፤ ዘፈኑ አሁንም አለ፣ ግን ሁሉም በየጆሮው ሰክቶ ለብቻው ነው የሚሰማው። እኔ ያን ጊዜ ፀጉሬን አጎፍሬ፣ ከጉልበት ዝቅ የምትል ግራጫ ጉርድ ቀሚስ ለብሼ፣ አንድ የቆርቆሮ ሻንጣ ይዤ ነበር የመጣሁት።

የመጣሁትም አርፍጄ ነው። ከወረኢሉ የተሳፈርሁበት የጭነት መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ያዘው፤ ሰዎች ቤት አድረን፣ ጎማ እየቆፈርን፣ ጆንያ ላይ ተኝተን፣ ትምህርት ከተጀመረ ከሰነበተ በኋላ ደረስሁ። ጭቃ ተለውሼ ያየኝ የመጀመሪያው ሰው ኋላ ክፍል ያከራዩኝ አባ ሙሄ ነበሩ። በር ላይ የተቀመጡበትን በርጩማ ለቀው ተነሡና፣

«መርሐባ ልጄ፣ ቁጭ በይ። አፊያ ነሽ? መንገዱ እንዴት ነው?» አሉኝ።

መንገዱን ነገርኋቸው። መኪናው የት እንደቆመ፣ ማን እንደረዳን፣ የትኛው ወንዝ እንደሞላ ሁሉ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ስለ ወንዙ የጠየቀኝ ሰው በማግሥቱ እህል ጭኖ ሊወርድ አስቦ ኖሮ ሐሳቡን ቀየረ። የቆሸሸችው፣ የደከመችው፣ ያረፈደችው እኔ በአንድ ምሽት ለሰፈሩ የምጠቅም ሰው ሆንሁ። በዚህ አገር ከመንገድ የመጣን ሰው «ለምን ቆየህ?» ብሎ የሚቀበል የለም። ክርስቲያኑም እስላሙም መጀመሪያ ደኅንነቱን፣ ቀጥሎ መንገዱን ነው የሚጠይቀው።

በማግሥቱ ትምህርት ቤት ስደርስ ዳይሬክተሩ አቶ ደምሴ በሩ ላይ አለንጋ ይዘው እጃቸውን ከጀርባቸው አጣምረው ቆመዋል። «ለምን ዘገየሽ?» አሉኝ። ከኋላቸው፣ ጠጠሩ ላይ፣ ያረፈዱ ልጆች ተንበርክከዋል። ጠዋት መካነ ሰላም ብርዱ አጥንት ይገባል፤ አንዳንዶቹ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው ዳገት ወጥተው የመጡ ናቸው። ከተንበረከኩበት ሲነሡም ክፍል ይገባሉ እንጂ ቀኑን ሙሉ ምንም አይሰሙም፤ የሚያስቡት ጉልበታቸውን ነው። እኔ መምህር ሆኜ ያየሁት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ እውነቱን ልናገር፣ አቶ ደምሴን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠላኋቸው። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ለልጅ የሚያዝኑበት ጊዜም ነበር። ግን ሥርዓት ማለት በር መቆለፍ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ እንዲህ የሚያምን ሰው ደግሞ ዛሬም አልጠፋም።

ከእኔ ክፍል ልጆች ሁልጊዜ የምታረፍደው ሰዓዳ ነበረች። በበጋ ምንጩ ይቀጥናል፤ እንስራ ይዞ ወረፋ መጠበቅ ግድ ነው። ቤታቸው ከእሷ በቀር ለውሃ የደረሰ ልጅ የለም። ጀርባዋ ከእንስራው በሚንጠባጠበው ውሃ ርሶ፣ እየተንቀጠቀጠች ትመጣና ጠጠሩ ላይ ትንበረከካለች። አንድ ቀን አባቷን እንድሪስን ገበያ አገኘሁት።

«እትዬ» አለኝ፣ «ልጅቱ ማርፈዷን አትተውም፤ ውሃው ካልተቀዳ ቤቱ አያድርም። ግን ወላሂ፣ አንድ ቀን ደግመው በር ላይ ካንበረከኩብኝ ወይ ከመለሱብኝ አልልካትም። ልጄ ለማኝ አይደለችም።»

ይህን ያለኝ ዐይኑን ሳይሰብር ነው። ቃሉን እንደሚጠብቅም አወቅሁ። ሰዓዳ ደግሞ ፊደል ከጨረሰች ገና ወሯ ነው፤ ያገኘችውን የጨው ወረቀት፣ የስኳር ከረጢት ሁሉ እያነበበች ነበር የምትሄደው። ያቺን ልጅ ለአንድ ቁልፍ ብዬ ላጣት አልፈለግሁም።

የእኔ ክፍል ከግቢው ዳር፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ጋር የተጠጋ ነበር። አጥሩ ላይ ሽንቁር አለ። ጠባብ ነበረች፤ በገዛ እጄ ሁለት እንጨት ነቅዬ አሰፋኋት። አርፋጆቼ በዚያ መግባት ጀመሩ። ሲገቡ ደግሞ እንደ ሌባ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ጥግ እንዳይሄዱብኝ አንድ ደንብ አወጣሁ። ያረፈደው ልጅ በሩ ላይ ቆሞ እንደ አስተዳደጉ «አሰላሙ አለይኩም» ወይም «እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ ክፍሉ በሙሉ ሰላምታውን መልሶ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ልጁም ያየውን አንድ ነገር ይናገራል። እኔ የተናገረውን ሰሌዳው ላይ እጽፈዋለሁ፤ የዕለቱ ንባባችን እሱ ነው። «የአባ አሊ በቅሎ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ እምቢ አለች።» «ጭጋጉ ስለወፈረ በአህያ ጩኸት መጣን።» ከመጽሐፍ የመጣ ዐረፍተ ነገር ሲነበብ የሚያንቀላፉት ሁሉ ይህን ሊያነቡ ይሻማሉ። በቅሎዋን ያውቋታላ!

ግን ጉድ መጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ማለዳ ክፍሉ ባዶ ይሆንብኝ ጀመር። በመስኮት ባይ፣ ከበሩ ሥር የሚኖሩት፣ በሕይወታቸው አርፍደው የማያውቁት ልጆች ሳይቀሩ ከባሕር ዛፉ ጀርባ አድፍጠዋል። ወሬ ለማውራት ሲሉ ለማርፈድ ተራ ይጠብቃሉ! አቶ ደምሴ ያዟቸውና ወደ እኔ ነድተው አመጧቸው።

«ይኸው ደግነትሽ» አሉኝ፣ «ሌባ አድርገሽ አረፍሽ።»

«ሌባ አይደሉም ጋሼ፤ የሚሰማቸው ፈልገው ነው።»

ሌሊቱን ሳስብበት አደርሁ፤ ስሕተቱ የእኔ እንጂ የልጆቹ አልነበረም፤ አርፋጁን ሳከብር ማላጁን ረስቼዋለሁ። በማግሥቱ ሌላ ደንብ ጨመርሁ። ቀድሞ የመጣውን ደግሞ «ቤቱ እንዴት አደረ?» ብለን እንጠይቃለን። ማን ወለደ፣ የማን ላም ጠፋች፣ ጅብ የት ጮኸ፣ አያት ምን ተረት አወሩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ማለዳ ክፍሌ ጢም ይል ጀመር፤ የሚያረፍደውም እውነት መንገድ የያዘው ብቻ ሆነ። ልጆች ሳይቀጡ ሥርዓት እንደሚይዙ በዐይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። አሁን በሥልጠናው ትልልቅ ቃል እየተደረደረለት ይነገራል አሉ። ይነገር፣ አልጠላም። እኔ ግን ክፍል ምቹ የሚሆነው በቀለም፣ በወንበር፣ በግድግዳ ሥዕል ብቻ አይደለም እላለሁ፤ ልጅ በር ላይ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል ነው የሚወስነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከአውራጃ ተቆጣጣሪ ይመጣል ተባለ። አቶ ደምሴ ግቢውን አስጠረጉ፣ ድንጋዩን ኖራ አስቀቡ፣ የእኔንም ሽንቁር በእሾህ አስደፈኑ። በሩ ከሰንደቅ ዓላማው መዝሙር በኋላ ለማንም እንዳይከፈት አዘዙ። እኔ ሰዓዳን አሰብሁ። የእንድሪስ ቃል ጆሮዬ ላይ ነው። መዝሙሩ አለቀ፣ ሰዓዳ የለችም። ትምህርት ጀመርን፣ የለችም። በመስኮት በኩል ራሷን አየሁት፤ ከበሩ ውጭ፣ ይህ ዛሬ የተቀመጥሁበት ድንጋይ አጠገብ ቆማለች።

ወዲያው የመኪና ጡሩምባ ተሰማ፤ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የተቆጣጣሪው መኪና ነው። እስከ መስኮቱ ድረስ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። መኪናው ገባ፤ ዘበኛው ሰዓዳን በክንዱ ወደ ኋላ መለሳት። ያኔ ደሜ ፈላ።

«ደብተራችሁን ያዙ፣ ተነሡ» አልሁ።

ክፍሉን በሙሉ ሰልፍ አስይዤ፣ በተቆጣጣሪው ፊት፣ በአቶ ደምሴ ፊት፣ በሩ ሳይዘጋ አልፌ ወጣሁ። ልጆቹ ሰዓዳን ከበው ቆሙ። እሷ ልትሸሽ ነበር፤ ግን የለመደችውን ከአፏ አላጣችውም።

«አሰላሙ አለይኩም» አለች በቀጭን ድምፅ።

«ወአለይኩሙ ሰላም! መንገዱ እንዴት ነው?» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

«ምንጩ ሥር መኪና ማጥ ውስጥ ገብታ ነበር። ሴቶቹ እንስራቸውን አስቀምጠው ገፉ። እኔ ድንጋይ አቀበልሁ። የሰውዬው አንድ ጫማ ጭቃው ውስጥ ጠፋ፤ ፈልጌ ሰጠኋቸው። መኪናዋ በዙሪያው ስትመጣ እኔ በአቋራጭ ሮጥሁ።»

ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። ሰሌዳ ስላልነበረኝ በበሩ ቆርቆሮ ላይ በትልቁ ጻፍሁት። ልጆቹ ጮኸው አነበቡት፤ «የሰውዬው አንድ ጫማ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ሁሉም ዞረው የተቆጣጣሪውን እግር አዩ። ሰውዬው ከመኪናቸው ወርደው ነበር፤ አንዱ ጫማቸው ደረቅ፣ አንዱ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ የዋጠው። አቶ ደምሴ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ይመርጡ ነበር።

«ጌታዬ» አልኋቸው፣ «እርስዎም አርፍደዋል፤ እሷም አርፍዳለች፤ በአንድ ማጥ ነው የዘገያችሁት። ለእርስዎ በሩ ተከፈተ። እሷ ግን እዚህ ትንበረከክ?»

ተቆጣጣሪው ጫማቸውን አዩ፣ ሰዓዳን አዩ። «ልጅቷ ትግባ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። ምስጋና የለ፣ ይቅርታ የለ፤ እኔም አልጠበቅሁም። ሰዓዳ ገባች። እንድሪስ ልጁን ከትምህርት ቤት አላስቀረም፤ አቶ ደምሴም ያን ዓመት የእኔን ክፍል ልጆች ዳግም አላንበረከኩም።

እኔን ግን አልማሩኝም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ከላላ፣ ከከተማው ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት አዛወሩኝ። ሻንጣዬን በበቅሎ ጭኜ ሄድሁ። አልቅሳ ትመለሳለች ብለው ነበር። የክፍሉን በር ስከፍት የመጀመሪያው ሥራዬ ልጆቹን «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ማስተማር ሆነ። በየሄድሁበት ሁሉ ይህንኑ አደረግሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አንድም ልጅ በእኔ በር ላይ አልተንበረከከም። ይህን ስናገር ጉራ የሚመስለው ካለ ይምሰለው።

እና አሁን፣ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ ያው ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ። ሐያት እንባዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች። «አብሽሪ» አልኋት፤ «በይ ንገሪኝ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» መጀመሪያ ግራ ገባት። ቀጥላ ግን የአክስቷን ጉልት ዘርግታ እንደመጣች፣ መንገድ ላይ ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ ሰው ሁሉ ወርዶ እንዳየች ነገረችኝ። ሌሎቹም ተጠጉ። ዘበኛው ሰይድ ሳቁ መጣና ፊቱን አዞረ። ርእሰ መምህሩ፣ ጨዋ ወጣት፣ የሥልጠናውን ባጅ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ብቅ አለ።

«እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ብርድ ይመታዎታል።»

«ወላጅ አምጡ ብላችኋል፤ ወላጅ መጣ።»

«የማን ወላጅ ነዎት?»

«የነዚህ ሁሉ።»

«እንዲህማ አይሆንም እማማ፤ መመሪያ አለ። ሁሉም ካረፈደ ማስተማር አንችልም።»

«ልክ ብለሃል፣ እኔም አይቼዋለሁ» አልሁት፤ «መድኃኒቱን ደግሞ እነግርሃለሁ፤ ቁልፍ ግን አይደለም። ከራስህ በላይ የተሰቀለውን አንብበው ልጄ። ወይ ባነሩን አውርድ፣ ወይ በሩን ክፈት። ሁለቱን አንድ ላይ ይዘህ አትቆይም። አልከፍትም ካልህ እኔ እዚሁ አስተምራቸዋለሁ፤ ከአጥር ውጭ ደግሞ አታዝዘኝም።»

ባነሩን ቀና ብሎ አየው። ያን ቀን ሐያትንና ጓደኞቿን «ለዛሬ ብቻ» ብሎ አስገባቸው። ለዛሬ ብቻ የሚሉትን ነገር እኔ አልወድም፤ በማግሥቱም መጣሁ። በማግሥቱም ማግሥት። ሰዓዳ፣ ያቺ ሰዓዳ፣ አሁን መኪና መቆሚያው አካባቢ የጨርቅ ሱቅ ያላት ትልቅ ሴት ናት፤ ደንበኛ ሲገባባት እስከ ዛሬ «መንገዱ እንዴት ነው?» ሳትል ሜትር አታነሣም። ወሬውን ሰምታ ሱቋን ለሠራተኛዋ ትታ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ድንጋዩ ጠቦናል፤ አንድ ተጨማሪ እናስመጣ?» ብላ አሳቀችኝ። ርእሰ መምህሩ በየጠዋቱ በመስኮት ያየናል። እሱ ይደክመዋል ወይስ እኛ እያልን እንጫወት ነበር።

ትናንት ጠዋት ጉልበቴ ክፉኛ ያዘኝ፤ ከአልጋ የወረድሁት ፀሐይ ጣራ ላይ ከወጣች በኋላ ነው። በየደጃፉ እያረፍሁ፣ እያጉረመረምሁ ስደርስ መዝሙሩ ካለቀ ቆይቷል። ባነሩ እንደተሰቀለ ነው። በሩ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰይድ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከቶ ግድግዳ ተደግፏል፤ ርእሰ መምህሩ በሩ መሀል ቆሟል። አርፋጆቹ ሊገቡ ሲችሉ አልገቡም፤ ድንጋዩን ከበው እኔን ይጠብቃሉ። ሐያት ገና ከሩቅ ስታየኝ ሮጣ መጣችና ዘንቢሌን ተቀበለችኝ።

«እትዬ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» አለችኝ።

መንገዱን ነገርኋት፤ ጉልበቴን፣ ዳገቱን፣ የተቀመጥሁባቸውን ደጃፎች ሁሉ። ሌሎቹም ሰሙ፤ ርእሰ መምህሩም ሰማ። ስጨርስ ክንዴን ያዘና፣ «ይግቡ እማማ፤ ይህን ክፍል ውስጥ ደግመው ይንገሩልን» አለኝ። ከልጆቹ ጋር ተሰልፌ፣ ያ የባትሪ ድንጋይ ወደሚሸትበት ክፍል፣ በትልቁ በር አርፍጄ ገባሁ። ማንም አላንበረከከኝም።